የጎሪላ "አሳዳጊ" ሆኜ ያየሁት፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየከፈላችሁ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ "የምታሳድጉበት" አገልግሎት አለ። ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው። በዱር እንስሳት ጥበቃ የታወቁ ድርጅቶች ብዙዎቹ ይህ አገልግሎት አላቸው። ድረ ገጹ ላይ እንስሳ ትመርጣላችሁ፣ የካርድ ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ከዚያ በፖስታ አንድ ጥቅል ይመጣላችኋል። የተጠቀምኩበትን ድርጅት ስም አልጠራም። ከምለው ውስጥ ግማሹ ወቀሳ ነው፤ ደግሞም አሠራሩ ከድርጅት ድርጅት ብዙም አይለያይም።

የተመዘገብኩት ለእህቴ ልጅ የልደት ስጦታ ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የእንስሳ ነገር ከተነሳ ማን ይችላታል። ጎሪላ መረጠች። ጥቅሉ በሥራ ቦታዬ አድራሻ መጣ፤ ጣጣውም ከዚያ ጀመረ። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነው። ጥቅሉን ስከፍት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አየና "ሲስተር፣ እኛ እዚህ ጓንት አለቀ ብለን ስንጨነቅ አንቺ ለጦጣ ትከፍያለሽ?" አለኝ።

"ጦጣ አይደለም፣ ጎሪላ ነው" አልኩት። መልስ እንዳልሆነ ለሁለታችንም ገብቶናል።

እንግዲህ የምገመግመው ሁለት ነገር ነው። እቃው ለገንዘቡ ይመጥናል ወይ? ደግሞስ ሰው በዝቶ፣ ሰው ተቸግሮ እያለ ለእንስሳ መክፈል አግባብ ነው ወይ?

በእቃው ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። አሻንጉሊቱ በጣም ጥሩ ነው። ስፌቱ ጠንካራ፣ ጸጉሩ ቢጎትቱት የማይነቀል። ዓይኑ ፕላስቲክ ሳይሆን በክር የተጠለፈ ነው። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተነቅሎ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም ማለት ነው። ግን በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ ያም በሌላ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ ነው የመጣው። ከተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ይህን አልጠበቅኩም። የምስክር ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ የልጅቷም ስም በትክክል ተጽፏል። ተለጣፊ ምስሎች አሉ፤ በማግስቱ የማቀዝቀዣው በር ላይ አየኋቸው። አንድ ፎቶም አለ። ጀርባው ብር የመሰለ ትልቅ ወንድ ጎሪላ፣ ዝናብ በመታው ቅጠል መሀል ቁጭ ብሎ ካሜራውን በንቀት ያያል። ስምም አውጥተውለታል።

ከፎቶው ጀርባ በደቃቅ ፊደል አንድ ነገር ተጽፏል፦ ማሳደጉ ምሳሌያዊ ነው፤ ክፍያው ለድርጅቱ አጠቃላይ ሥራ ይውላል። ይህን ሲያነብ ተታለልኩ የሚል ብዙ ሰው አለ። ያው አንዱ ጎሪላ ስንትና ስንት "አሳዳጊ" አለው ማለት ነዋ። እኔ ግን እዚህ ላይ ከድርጅቱ ጋር ነኝ። ገንዘቡ ለዚያ ጎሪላ ብቻ ይሁን ቢባል ምን ሊገዛለት ነው? የሚከፈለው ዱካ ለሚከታተለው ሠራተኛ፣ ከእግሩ ላይ ወጥመድ ለሚፈታው የእንስሳት ሐኪም፣ ለነዳጅ፣ ለጫማ ነው። ደግሞ ነገ ያ ጎሪላ ቢሞት ገንዘቡ ይመለስልኝ ልል ነው? ፊደሉን ብቻ ትንሽ ያጉሉት።

ያናደደኝ በራሪ ጽሑፉ ነው። አራት ገጽ፣ ወረቀቱ የሚያብለጨልጭ። ስለ ጎሪላው አኗኗር አሳምሮ ይናገራል። የመጨረሻው ገጽ ላይ "ስጋቶች" የሚል ዝርዝር አለ፦ ሕገወጥ አደን፣ የደን ምንጣሮ፣ በሽታ፣ የሰው ቁጥር መጨመር። ከጎኑ ከአውሮፕላን የተነሳ ፎቶ ተደርጓል፤ እርሻው እስከ ጫካው ጠርዝ ድረስ ገብቶ ይታያል። አራቱንም ገጽ ደጋግሜ አገላበጥኩ። ሰው የሚባል ፍጡር የተነሳው እዚህ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ነው። አንድም የሰው ፊት የለም።

የዚህ አገልግሎት ዋናው ጉድለት ለእኔ ይህ ነው። የታሪኩ ዋና ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። የተራራ ጎሪላ የሚኖረው ዩጋንዳ፣ ሩዋንዳና ዴሞክራቲክ ኮንጎ ውስጥ ነው። ከጫካው ውጭ ያለው መሬት ደግሞ በአፍሪካ ገጠር ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። "ሰው በዛ፣ እንስሳ አለቀ" በሚለው ስሌት ቢሆን ጎሪላው እስካሁን አልቆ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪሩንጋ ተራሮች የተቆጠሩት 250 ገደማ ነበሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን ነው የምጽፈው።) በ2018 ዩጋንዳ ውስጥ ካለው የብዊንዲ ጫካ ጎሪላዎች ጋር ተደምረው ከ1,000 ማለፋቸው ተነገረ። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በዚያው ዓመት በቀይ መዝገቡ ላይ የአደጋ ደረጃቸውን አንድ እርከን ዝቅ አደረገላቸው። በእነዚያ ዓመታት በዙሪያው ያለው ሰው አልቀነሰም። ከእጥፍ በላይ ጨመረ እንጂ።

እንዴት ሆነ? አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ሥራ ስለሚቀርብ። በ1996 ብዊንዲ ውስጥ አንዳንድ ጎሪላዎች ጸጉራቸው ይረግፍ፣ ቆዳቸው ይቆስል ጀመር። ግላዲስ ካለማ ዚኩሶካ የምትባል ወጣት ዩጋንዳዊት የእንስሳት ሐኪም ሄዳ አየቻቸው። እከክ ነው። አንድ ግልገል ሞተ፤ ሌሎቹ መድኃኒት አግኝተው ዳኑ። እከኩ ደግሞ ከሰው የመጣ ነው። ጎሪላዎቹ ሙዝ ፍለጋ ወደ እርሻ ይወጣሉ። እርሻው መሀል አሮጌ ልብስ የለበሰ ማስፈራሪያ ቆሟል። የተጠረጠረው ያ ልብስ ነው።

ይህን ሳነብ የነርስነት ጆሮዬ ቆመ። እከክ ውድ መድኃኒት የሚያስፈልገው በሽታ አይደለም። ውሃና ሳሙና የሚቸግርበት፣ ብዙ ሰው በአንድ መኝታ የሚያድርበት ቤት ይወዳል። ጎሪላውን ብቻ ብታክሚው ተመልሶ ይይዘዋል። ሐኪሟም የገባት ይኸው ነው። በ2003 በሕዝብ ጤና በኩል ጥበቃ የሚሠራ ድርጅት መሠረተች። የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ከቤት ቤት ይዞራሉ። ስለ ንጽሕና ያስተምራሉ። ሳል የቆየበት ሰው ካለ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይልካሉ። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያወያያሉ። ጎሪላ እርሻ ውስጥ ከገባም ይናገራሉ። የእኔን ሥራና የጎሪላ ጠባቂውን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ይሠራዋል። ሩዋንዳም እንዲሁ ከፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የምታካፍለውን ድርሻ በ2017 ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች። ይህ ሁሉ ባለ አራት ገጹ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አላገኘም።

ለድርጅቱ ኢሜይል ጻፍኩ። ከምከፍለው ውስጥ ጫካው አጠገብ ለሚኖሩ ሰዎች የሚደርስ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። መጀመሪያ "ለጎሪላዎች ስላለዎት ፍቅር እናመሰግናለን" የሚል የማሽን መልስ መጣ። እንደገና ጻፍኩ። ከጊዜ በኋላ አንዲት ሴት በደንብ መለሰችልኝ። ሰብሉ ለተበላበት ገበሬ ድጋፍ አለ፣ ጠባቂዎቹ ከመንደሩ ነው የሚቀጠሩት፣ ክሊኒክ እናግዛለን፣ የመሳሰለውን። በጣም ጥሩ መልስ ነበር። ታዲያ ለምን አታትሙትም አልኳት። ሰው የሚመዘገበው የእንስሳ ፊት ሲያይ ነው፤ ሌላ ነገር ስንጨምርበት ተመዝጋቢ ይቀንሳል አለችኝ። ቅንነቷን ወደድኩት፤ ለሷ ሲባል ግማሽ ኮከብ ጨምሬያለሁ።

አሁን ወደዚያች አንድ መስመር ልመለስ፤ "የሰው ቁጥር መጨመር" ወደምትለው። እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ አላልፋትም።

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ሕዝብ 8 ቢሊዮን የደረሰበት ቀን ብሎ የሰየመው ኖቬምበር 15 ቀን 2022ን ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን በ1960ዎቹ የሕዝቡ ዕድገት በዓመት ከ2 በመቶ በላይ ነበር፤ ዛሬ ከ1 በመቶ በታች ነው። በ1950ዎቹ አንዲት ሴት በአማካይ 5 ገደማ ትወልድ ነበር፤ አሁን በዓለም ደረጃ 2 ከሩብ አካባቢ ነው። በ2024 የወጣው ትንበያ ደግሞ ቁጥሩ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን አካባቢ ደርሶ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀንሳል ይላል። አንዳንዱ አገር ልጅ ጠፍቶ ትምህርት ቤት እየዘጋ ነው። ሌላው ቦታ ትምህርቷን ሳትጨርስ የምትወልድ ልጅ አለች። ሁለቱን አንድ መድኃኒት አያድናቸውም።

እኔ ጋ ከምትመጣ ሴት ስለ ዓለም ሕዝብ ቁጥር ሰምቼ አላውቅም። የመጨረሻው ልጅ ገና አልቆመልኝም ትላለች። ባሌ እንዳያውቅ ትላለች። መርፌው ራሴን አዞረኝ፣ ሌላ የለም ወይ ትላለች። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን አሳያታለሁ፤ በጣቷ ነካ ነካ ታደርገውና "ይኼ አይጠፋም እዚያ ውስጥ?" ትለኛለች። ሥራው ይኼ ነው። በዓለም ላይ ማርገዝ ሳይፈልጉ ዘመናዊ መከላከያ የማይጠቀሙ ሴቶች ከ200 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የሕዝብ ቁጥር ጉዳይ ትኩረት ያጣው እዚህ ጋ ነው እንጂ፣ ስለ ብዛቱ የሚያወራ ሞልቷል።

ከቁጥር የተነሳ ዘመቻ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ታይቷል። ህንድ ውስጥ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት፣ በአንድ ዓመት ከ6 ሚሊዮን በላይ ወንዶች የማምከኛ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ብዙዎቹ ተገደው። ቻይናም ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የአንድ ልጅ ሕግ ይዛ ቆይታለች። ስለዚህ የእንስሳ ድርጅት ያለ ምንም ማብራሪያ "የሰው ቁጥር" ብሎ ሲያትም አይመቸኝም። አንባቢው ልጅ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። የዚያ ገበሬ ልጅ መወለዱ ጥፋት ነው ብላ ነው የምታነበው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2018 የወጣ ጥናት የምድርን አጥቢ እንስሳት በክብደት ገምቶ ነበር። 60 በመቶ ላም፣ አሳማ፣ በግና ሰው የሚያረባው ሌላ እንስሳ ነው። 36 በመቶ ሰው ነው። ዱር ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ዝሆኑም ዓሣ ነባሪውም ተደምሮ፣ 4 በመቶ። የሰው ብዛት ብቻውን አይደለም መሬቱን የሞላው፤ ሰው የሚያረባው ነው ይበልጥ የከበደው። ይህን በራሪው ላይ ቢያትሙት ግን አሻንጉሊት ገዢው የገዛ ሳህኑን ማየት ይጀምራል። ደንበኛ ማስከፋት ነው፤ አያደርጉትም።

የባልደረባዬን ጥያቄ አልረሳሁትም። የገንዘቡን ነገር ካየን ክርክሩ ውኃ አያነሳም። ያ ገንዘብ ለጎሪላው ባይሆን ለጓንት አይሆንም ነበር፤ ስጦታ ስለሆነ ሌላ አሻንጉሊት ይገዛበት ነበር። ደግሞ እስቲ የወሊድ መከላከያ አሻንጉሊት ከነምስክር ወረቀቱ ለልደት አምጡ፣ ማን ይቀበላችኋል? ትኩረትን ካየን ግን እውነት አለው። ትኩረት ይሻማል። የኢሜይል ሳጥኔ ምስክር ነው፤ የጎሪላ፣ የፓንዳ፣ የዋልታ ድብ ዓይን በየሳምንቱ ያየኛል። መርፌው አዞረኝ ያለችኝን ሴት ፎቶ ማንም አይልክልኝም። ባይልክም ደስ ይለኛል፤ የሷን ፊት ለማስታወቂያ የሚጠቀም ሰው አልፈልግም።

ግድ ምረጪ ብትሉኝ ቅድሚያ ለእንስሳቱ እሰጣለሁ። ምክንያቴ ጊዜ ነው። የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ የመጨረሻው ወንድ፣ ሱዳን የሚባለው፣ ኬንያ ውስጥ ማርች 2018 ሞተ። የቀሩት ናጂንና ፋቱ፣ እናትና ልጅ፣ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሳይንቲስቶች ከተቀመጠ ዘርና ከፋቱ እንቁላል ፅንስ እየሠሩ ነው። ሜክሲኮ ባሕር ውስጥ ቫኪታ የምትባለዋ ትንሽዬ የባሕር አጥቢ አሥር ገደማ ቀርታለች፤ የሚገድላት ለሌላ ዓሣ የተዘረጋ መረብ ነው። የሕዝብ ፖሊሲ ዘንድሮ ቢበላሽ ከዓመታት በኋላ ይስተካከላል፣ ብዙ ጉዳት አድርሶ ቢሆንም። ቫኪታዋ ካለቀች አለቀች።

ግን ካታሎጉን ተመልከቱት። ፓንዳ፣ ታይገር፣ ዝሆን፣ የበረዶ ነብር፣ ፔንግዊን። ሁሉም የሚታቀፍ። በ2019 የወጣው ትልቁ የብዝኀ ሕይወት ግምገማ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ የእንስሳትና የዕፅዋት ዝርያ የመጥፋት አደጋ እንዳለበት ገምቷል። ካታሎጉ ላይ እንቁራሪት የለም። ጥንብ አንሳ የለም።

ጥንብ አንሳ መቅረቱ ነው በጣም የቆጨኝ። ሰው ወይስ እንስሳ ለሚለው ሁሉ የምነግረው የሱን ታሪክ ነውና። ዲክሎፌናክን ታውቁታላችሁ፤ ለወገብም ለጉልበትም ሕመም የምንሰጠው ነው። ህንድ ውስጥ በ1990ዎቹ ለከብት ሕመም ማስታገሻ ርካሽ ሆኖ ተስፋፋ። መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ያለ ከብት ሲሞት ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል፣ ይሞታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። በድን የሚያጸዳ ጠፋ። ውሻ በዛ፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ መጣ። ውኃው ተበከለ። መንግሥት መድኃኒቱን ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለው በ2006 ነው። በ2024 የታተመ የሁለት ኢኮኖሚስቶች ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ብቻ በዚህ ሰበብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው ሞቷል ብሎ ገምቷል። ራሰ በራ፣ አስቀያሚ ወፍ ነው። አሻንጉሊት ይሁን ቢባል የእህቴም ልጅ አትመርጠውም ይሆናል። እኔ ግን እገዛ ነበር።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። በየሦስት ወሩ የሚመጣው የጎሪላ ዜና ጥሩ ነው፤ አዲስ ግልገል ሲወለድ ፎቶ ይልካሉ፣ ልጅቷ ትጠብቀዋለች። በመሀል የሚላከው የ"ዛሬውኑ ጨምሩ" ልመና ግን ያሰለቻል። ሁሉም ኢሜይል የመጨረሻው ሰዓት ነው ይላል። በራሪውን የእህቴ ልጅ አላነበበችውም፤ ምስክር ወረቀቱን ግን አልጋዋ በላይ ሰቅላዋለች።

አሻንጉሊቱ አምስት ኮከብ። በራሪው አንድ። የደንበኛ አገልግሎቱ፣ ለሁለተኛዋ ሴት ሲባል፣ ሦስት ተኩል። በአማካይ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሒሳቤን አትመርምሩት። ልጅ ላለው ሰው ግዙ እላለሁ። ለራሳችሁ ከሆነ አሻንጉሊት የሌለውን፣ በኢሜይል ብቻ የሚመጣውን ምረጡ፤ ፕላስቲኩም የፖስታውም ወጪ ይቀራል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ድርጅቱ በአካባቢው ለሚኖረው ሰው ምን እንደሚሠራ ጠይቁ። ሁለቴ ጠይቁ፤ የመጀመሪያው መልስ የማሽን ነው። እኔ ዓመቱ ሲያልቅ ክፍያዬን ጤናንና ጥበቃን አብሮ ወደሚሠራ ሌላ ድርጅት አዛውራለሁ፤ የልጅቷ ጎሪላ እንዳይቋረጥ እናቷ ትቀጥላለች።

ማቋረጥ የምትፈልጉ ደግሞ፣ "አቋርጥ" የሚለው ቁልፍ ድረ ገጹ ላይ የለም። በኢሜይል ብትጽፉ የጎሪላ ፎቶ ይልኩላችኋል። በባንካችሁ በኩል አስቁሙት።